የሾላችን ቅርፊት በአንድ ሌሊት ተላጠ፤ ምን እናድርግ?

ጠያቂ (ባሕር ዳር)፦ በሰፈራችን መናፈሻ፣ ጣና ዳር ያለው ወጣት ሾላ ትናንት ማታ ደኅና ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ግን ግንዱ ተልጦ ነጭ ወተቱ ሲወርድ አገኘነው። ይህን ያደረጉት ጦጣዎቹ ስለሆኑ እንዴት እንደምናባርራቸው እባካችሁ ፈጥናችሁ ንገሩን።

መምህር (ደብረ ማርቆስ)፦ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ለስላሳ ሽፋን ቅጠሉ ያዘጋጀውን ምግብ ወደ ሥር የሚያወርድ በመሆኑ፣ ግንዱ ዙሪያውን ከተላጠ ሥሩ ተርቦ ዛፉ ቀስ በቀስ ይደርቃል። በእንግሊዝ አገር ግራጫው ሽኮኮ (የእኛ የገደሉ ሽኮኮ ሳይሆን ዛፍ ላይ የሚኖረው ጅራተ ጎፍላ) ኦክ የሚባለውን ዛፍ በዚሁ መንገድ ይጎዳዋል፤ ሆኖም የኦክን ፍሬ ቀብሮ የሚረሳውና ሳያውቀው የሚተክለውም እርሱ ነው። ጦጣም የሾላ ዘር በኩሱ ይበትናልና ለማባረር አትቸኩሉ።

አትክልተኛ (መራዊ)፦ የመምህሩ ቃል መልካም ነው፤ ነገር ግን ፀሐይ ቁስሉን ሳያደርቀው ዛሬውኑ በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑት።

አባል (ዳንግላ)፦ እበትና ጭቃ ለውሳችሁ ቀቡት፤ አባቶቻችን የሚያደርጉት ይህንኑ ነበር።

አባል (ዘጌ)፦ ወንድሜ፣ ጦጣ በሌሊት ይተኛል እንጂ ቅርፊት አይልጥም። የተላጠው ከመሬት ምን ያህል ከፍ ይላል? የጥርስ ምልክትስ አለው?

ጠያቂ፦ ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ነው። እንጨቱ ላይ ጥንድ ጥንድ የጥርስ ፈለግ ይታያል፤ ከሥሩም ጥቁርና ነጭ ወስፌ ወድቆ አግኝተናል። በሐይቁ በኩል ሦስት ጣት የሚያህል ቅርፊት ሳይነካ ቀርቷል።

አባል (ዘጌ)፦ እንግዲያው ጃርት ነው፤ በሌሊት ወጥቶ ሥርና ቅርፊት የሚበላ እርሱ ነው። የቀረችው ሦስት ጣት ቅርፊት ሥሩን ልትመግበው ስለምትችል ዛፉን እንዳትቆርጡት አደራ። ግንዱን ሳይነካ እስከ ወገብ ድረስ ጠንካራ የሽቦ ወንፊት አዙሩበት፤ ጃርት ቆፋሪ ነውና የሽቦውን ግርጌ አንድ ስንዝር ቅበሩት። ጦጣዎቹን ተዉአቸው።

አባል (ቡሬ)፦ እበትና ጭቃ ቀቡት፤ ፍቱን ነው።

አትክልተኛ (መራዊ)፦ ሳምንት አለፈ። ሽቦው ተደረገ? የቁስሉ ጠርዝ አዲስ ቅርፊት ማውጣት ጀምሮ እንደሆነ እባክዎ ያሳውቁን።