ከፓሳው እስከ ቡዳፔስት በብስክሌት፦ አምስት ቀን ይበቃል?

ጥያቄ፤ ከ«ተማሪዋ መንገደኛ»

ውድ የመድረኩ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ። በጀርመን የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን የምከታተል ተማሪ ስሆን፣ የጁላይ ፈተናዬን እንዳጠናቀቅሁ ከፓሳው ተነሥቼ የዳኑብን ወንዝ ቁልቁል በመከተል በሊንዝ፣ በቪየናና በብራቲስላቫ በኩል እስከ ቡዳፔስት በብስክሌት ለመጓዝ ወስኛለሁ። ርቀቱ ከ600 ኪሎ ሜትር እንደሚበልጥ ከካርታ ላይ አስልቻለሁ። ለጉዞው የመደብሁት ግን አምስት ቀን ብቻ ስለሆነ በቀን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ መንዳት ይኖርብኛል። ወደ ዩኒቨርሲቲ የምመላለሰው በብስክሌት ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜም 80 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምነዳ ጉልበቴ አያሳፍረኝም ብዬ አምናለሁ።

ብስክሌቴ ከሰው እጅ የገዛሁት ያገለገለ ብስክሌት ሲሆን ጎማው 28 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። የኋላ መጫኛ ስለሌለው ልብሴን፣ ድንኳኔንና የመኝታ ከረጢቴን በጀርባ ቦርሳ ለመሸከም አስቤያለሁ። የምጓዘው ብቻዬን ነው። ይህን ያህል ርቀት ጓዝ ይዞ የተጓዘ ሰው ቢመክረኝ በእጅጉ ይጠቅመኛል። በተጨማሪም በጀርመን የተሰጠኝ የተማሪ መኖሪያ ፈቃድ በኦስትሪያ፣ በስሎቫኪያና በሃንጋሪ ለማለፍ ይበቃኝ እንደሆነ የሚያውቅ ካለ እባካችሁ አስረዱኝ።

መልስ፤ ከ«ካቴና»

እህቴ፣ ይህን መንገድ በመምረጥሽ ደስ ብሎኛል፤ ለመጀመሪያ ረጅም ጉዞ ከዳኑብ ዳርቻ የተሻለ ልጠቁምሽ ብል ይቸግረኛል። መንገዱ ከፈረንሳይ የአትላንቲክ ጠረፍ ተነሥቶ እስከ ጥቁር ባሕር የሚዘልቀው የዩሮቬሎ 6 የብስክሌት መስመር አካል ነው። ከፓሳው እስከ ቪየና ያለው 320 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ወንዙን ተከትሎ ስለሚወርድ ዳገት እምብዛም የለበትም፤ ነፋሱም ብዙውን ጊዜ ከምዕራብ ስለሚነፍስ ከኋላሽ ይገፋሻል። ያልተስማማሁት በቀኑ ቁጥር ነው።

ቅዳሜ የምትነጂው 80 ኪሎ ሜትር ያለ ጭነት ነው፤ በማግስቱም ታርፊያለሽ። ጓዝ የተጫነ ብስክሌት በሜዳ ላይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ ደኅና ነው። በዚህ ስሌት 130 ኪሎ ሜትር ማለት ዘጠኝ ሰዓት ያህል ኮርቻ ላይ መዋል ነው፤ ለምግብ፣ ለውሃ፣ የጠፋ መንገድ ለመፈለግ፣ ድንኳን ለመትከልና ለመንቀል የሚውለው ጊዜ ሲጨመርበት ከአሥራ ሁለት ሰዓት ያልፋል። አንድ ቀን ትችይዋለሽ፤ በሦስተኛው ቀን ግን እግርሽ ደኅና ሆኖ ሳለ መቀመጫሽ፣ መዳፍሽና አንገትሽ እምቢ ይሉሻል። ስለዚህ ጉዞሽን በኪሎ ሜትር መቁጠሩን ትተሽ በሰዓት አቅጂው። በቀን አምስት ሰዓት መንዳት 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስኬድሻል፤ ከዚያ የተረፈው ቀን ደግሞ አገሩን የምታዪበት ይሆናል።

የጀርባ ቦርሳውን ነገር ፈጽሞ አልደግፍም። አሥር ኪሎ የሚመዝን ቦርሳ በጀርባሽ ላይ ሲውል ክብደቱ ሁሉ በኮርቻው ላይ ያርፋል፤ ላብሽ መውጫ ያጣል፤ ፍሬን ስትይዢም ጓዙ ወደፊት ይገፋሻል። የኋላ መጫኛ አስገጥሚና ሁለት የጎን ቦርሳዎች አንጠልጥዪበት፤ ከባድ ከባዱን ዕቃ ከታች፣ በግራና በቀኝ እኩል አድርገሽ ክፈዪው። ጎማውንም ብስክሌቱ የሚችል ከሆነ ወደ 35 ሚሊ ሜትር ቀይሪው። ቀጭን ጎማ ከጭነት ጋር ጠርዝ ሲመታ ከመነዳሪው በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ተቆንጥጦ ይበሳል፤ ሰፊው ጎማ ግን ብዙ አየር ስለሚይዝ ምቱን ያበርደዋል። ከመግዛትሽ በፊት በጎማውና በብስክሌቱ ፍሬም መካከል በቂ ክፍተት መኖሩን ለኪ።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚዘነጋውን ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት በዚሁ መንገድ ላይ፣ ግራይን የምትባለውን ትንሽ ከተማ አልፌ ስነዳ፣ ከበስተኋላዬ የደረቀ እንጨት ሲሰበር የሚመስል «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወዲያው ብስክሌቱ እንደሚያነክስ ሰው ይል ጀመር፤ የኋላው ጎማ በዞረ ቁጥርም አንድ ቦታ ላይ ፍሬኑን ይልሰዋል። ወርጄ የጎማውን እምብርት ከቸርኬው ጋር የሚያያይዙትን ሽቦዎች አንድ በአንድ በጣቴ ስነካካ አንዱ ከእምብርቱ አጠገብ፣ ልክ ከተቆለመመበት ቦታ ተበጥሶ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። የተበጠሰው በማርሹ በኩል ያለው ነበር፤ እንዲህ የሚሆነውም የኋላው ጎማ አብዛኛውን ክብደት ስለሚሸከምና ማርሹ ቦታ ስለሚይዝ በዚያ በኩል ያሉት ሽቦዎች ከሌሎቹ ይልቅ ተወጥረው ስለሚታሰሩ ነው። መለዋወጫ ሽቦ ይዤ ነበር፤ ነገር ግን እሱን ለመተካት ማርሹ መውጣት አለበት፣ ማርሹን የሚፈታው መሣሪያ ደግሞ አልነበረኝም። የፍሬኑን ገመድ ለቅቄ፣ አጠገብ ያሉትን ሽቦዎች በመጠኑ አላልቼ፣ በፊት ፍሬን ብቻ ቀስ እያልሁ ሰላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዝሁ። ዛሬ ማርሽ ሳይፈታ የሚታሰር፣ ከጠንካራ ክር የተሠራ የመጠባበቂያ ሽቦ ስላለ ከኪስሽ አይለይ። ከመነሣትሽ በፊትም ያገለገለውን ጎማሽን ለባለሙያ አሳዪና ሽቦዎቹን ሁሉ እኩል እንዲወጥርልሽ አድርጊ።

ከሁሉ በፊት ግን ጓዝሽን በሙሉ ጭነሽ ቅዳሜና እሑድ ሁለት ቀን ተጓዢ፤ ሌሊቱንም በድንኳኑ እደሪ። ምን እንደጎደለና ምን እንደበዛ ያ ጉዞ ራሱ ያሳይሻል።

መልስ፤ ከ«ድንበር ተሻጋሪ»

ስለ ሰነዱ የጠየቁትን እኔ ልመልስ። የሼንገን (የአውሮፓ አገሮች የጋራ የድንበርና የቪዛ ስምምነት) አባል አገር የሰጠው የጸና የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው፣ ከጸና ፓስፖርት ጋር አብሮ እስከያዘው ድረስ፣ በሌሎቹ የሼንገን አገሮች በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ያለ ተጨማሪ ቪዛ መቆየት ይችላል። ኦስትሪያ፣ ስሎቫኪያና ሃንጋሪ ሦስቱም በዚህ ክልል ውስጥ ስለሆኑ ያቀዱት መንገድ አያሰጋዎትም። ከቡዳፔስት አልፈው ወደ ቤልግሬድ ለመውረድ ቢያስቡ ግን ሰርቢያ የሼንገን አባል ስላልሆነች የራሷን የመግቢያ ደንብ አስቀድመው ማጣራት ይኖርብዎታል።

ሁለት ነገሮችን ላሳስብዎ። ጀርመን ከኦስትሪያ በሚያዋስናት ድንበር ላይ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቁጥጥር ስለምታደርግ፣ ሲመለሱ ፖሊስ ባቡሩ ውስጥ ገብቶ ሰነድ ሊጠይቅዎ ይችላል፤ ፎቶ ኮፒ ወይም በስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ አይበቃምና ዋናውን ፓስፖርትና ካርድዎን ውሃ በማያስገባ ከረጢት ይያዙ። ሁለተኛው፣ ፈቃድዎ በእድሳት ላይ ሆኖ በእጅዎ ያለው ጊዜያዊ ወረቀት ብቻ ከሆነ፣ በዚያ ወረቀት ከአገር መውጣትና መመለስ ይችሉ እንደሆነ ከሰጠዎት መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ሳያረጋግጡ እንዳይነሡ።

በጀርመን የሕዝብ የጤና መድን ውስጥ ከሆኑ፣ ከመድን ካርድዎ ጀርባ ያለው የአውሮፓ የጤና መድን ካርድ በሦስቱም አገሮች ለአስቸኳይ ሕክምና ያገለግላል፤ የግል መድን ከሆነ ግን ውሉን ያንብቡ። የአደጋ ጊዜ ስልክ በሁሉም ዘንድ 112 ነው። በሃንጋሪ ከከተማ ውጭ በጨለማ ሲነዱ አንጸባራቂ ሰደርያ መልበስ ግዴታ ስለሆነ ከወዲሁ ይያዙ። በኦስትሪያም ከካምፕ ቦታ ውጭ ድንኳን መትከል በአብዛኛው የተከለከለ ነው፤ በወንዙ ዳር ግን የካምፕ ቦታ አያጡም።

መልስ፤ ከ«የወንዝ ዳር»

እኔም ተማሪ ሳለሁ ይህንኑ መንገድ ብቻዬን ነድቼዋለሁና የምለው ከዚያ የተነሣ ነው። በመጀመሪያ፣ ብቻሽን መሆንሽ አያስጨንቅሽ። በበጋ ወራት መንገዱ ላይ ከልጅ እስከ አዛውንት ቤተሰቡን ይዞ የሚጓዝ ሰው አይጠፋም፤ ጠዋት ካምፕ ላይ ሰላም ያልሽውን ሰው ማታ ሌላ ካምፕ ላይ መልሰሽ ታገኚዋለሽ። እኔ በየማታው የደረስሁበትን ቦታ ለአንድ ጓደኛዬ በመልእክት አሳውቅ ነበር፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላም መንዳት አቆም ነበር።

ከ«ካቴና» ጋር እስማማለሁ፤ እንዲያውም ከእሱ አልፌ ቡዳፔስትን ለሌላ ጊዜ እንድታቆዪው እመክርሻለሁ። በአምስት ቀን ቡዳፔስት ለመድረስ የሚሮጥ ሰው ሽሎገንን ሳያያት ያልፋታል። እዚያ ቦታ ዳኑብ በደን በተሸፈኑ ተራሮች መካከል ተጠምዝዞ ወደመጣበት የሚመለስ ይመስላል፤ ብስክሌትሽን ከታች ቆልፈሽ በእግርሽ ወደ መመልከቻው ስትወጪ ወንዙን ሁለት ጊዜ፣ አንዴ ሲመጣ አንዴ ሲሄድ፣ በአንድ እይታ ታዪዋለሽ። ከሊንዝ አለፍ ብሎ ደግሞ ማውትሃውዘን አለ። የናዚዎቹ የማጎሪያ ካምፕ ከወንዙ በላይ ኮረብታው ላይ ነው፤ መንገዱ ቀጥ ያለ ዳገት ስለሆነ እኔ ብስክሌቴን እየገፋሁ ነው የወጣሁት። እስረኞች ድንጋይ ተሸክመው እንዲወጡበት ይገደዱ የነበረው ባለ 186 ደረጃ መውጫ ዛሬም አለ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አልነዳሁም፤ መንዳትም አልቻልሁም። እንዲህ ያለ ቦታ ቀን ይፈልጋል፤ በ130 ኪሎ ሜትር ዕቅድ ውስጥ ደግሞ ለእሱ የሚሆን ቀን የለም።

ስለ ጓዝ ብዛት ሳስብ ሁልጊዜ ትዝ የሚሉኝ ቶማስ አለንና ዊልያም ሳክትልበን ናቸው። እነዚህ ሁለት አሜሪካውያን በ1890 እ.ኤ.አ. ሴንት ሉዊስ በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በተመረቁ ማግስት ተነሥተው ሦስት ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀናት ሲቀራቸው ዓለምን በብስክሌት ዞረው ኒው ዮርክ የገቡ ወጣቶች ናቸው፤ የነዱትም 15,044 ማይል፣ ማለትም ከ24,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። እነሱ ከቁስጥንጥንያ ተነሥተው እስያን አቋርጠው እስከ ፔኪንግ የተጓዙት እጅግ ጥቂት ዕቃ ይዘው ነው። አንቺም ዕቃሽን ሁሉ መሬት ላይ ዘርግተሽ «ይህ ባይኖር በመንገድ ላይ የሚሸጠው ሱቅ አለ ወይ?» እያልሽ አንድ በአንድ ብትጠይቂ፣ ሲሶው ቤት ይቀራል።

ከ«ተማሪዋ መንገደኛ»

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። «ካቴና» ባለኝ መሠረት ባለፈው ቅዳሜና እሑድ ተበድሬ ባስገጠምሁት የኋላ መጫኛ ላይ ጓዜን በሙሉ ጭኜ ወጣሁ። የመጀመሪያው ቀን 85 ኪሎ ሜትር ሄድሁ፤ በማግስቱ 60 ሳልሞላ መዳፌ ደንዝዞ የቀኝ እጄ ትንሿ ጣት እስከ ማታ አልነቃችም። ከያዝሁት አሥራ ሦስት ኪሎ ውስጥ አራት ኪሎ የሚሆነውን አንድ ጊዜም አልነካሁትም። በድንኳኑ ውስጥ ስተኛ ግን እንዲህ ደስ ብሎኝ የተኛሁበትን ሌሊት አላስታውስም።

ስለዚህ ዕቅዴን ለውጫለሁ። መድረሻዬ ቪየና ነው፤ አምስት ቀን እነዳለሁ፤ ለማውትሃውዘን ደግሞ አንድ ቀን ጨምሬያለሁ። የመኖሪያ ካርዴ እስከሚቀጥለው ዓመት የጸና መሆኑን አረጋግጫለሁ። በመመለሻው ባቡር ላይም ለብስክሌቴ ቦታ አስቀድሜ አስይዣለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል፦ ከሜልክ እስከ ክሬምስ ባለው የዋኻው ሸለቆ መንገዱ በወንዙ በሁለቱም በኩል አለ። በየትኛው በኩል ልሂድ?

መልስ፤ ከ«የወንዝ ዳር»

ከሜልክ ስትነሺ በደቡቡ ዳርቻ ጀምሪ፤ መኪና የማይበዛበትና ጸጥ ያለ ነው፤ በሰሜኑ በኩል ያሉትን መንደሮችና የወይን እርከኖች ከማዶ ሆነሽ በሙሉ ታዪያቸዋለሽ። አርንስዶርፍ ስትደርሺ ወደ ሽፒትስ የምታሻግረዋን ጀልባ ያዢ። ይህች ጀልባ ሞተር የላትም፤ ከወንዙ በላይ በተዘረጋ ገመድ ተይዛ በውሃው ግፊት ብቻ ትሻገራለች፤ ስለዚህ መሐል ላይ ስትደርሺ ከውሃው ድምፅ በቀር ሌላ አትሰሚም። ከሽፒትስ በኋላ በሰሜኑ ዳርቻ በቫይሰንኪርሸን በኩል ወደ ዱርንሽታይን ትደርሻለሽ፤ ከበላይሽ የምታዪው ፍርስራሽ የእንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድ አንበሳ ልቡ በ1192 እ.ኤ.አ. ተይዞ የታሰረበት ግንብ ነው። ጀልባዋ ምሽት ላይ ሥራ ታቆማለችና የመጨረሻውን ሰዓት ሜልክ ሳለሽ ጠይቂ።