«ባለቤት የሌላቸው ውሾች በሙሉ ይወገዳሉ» መባሉን በተመለከተ

የቀበና ነዋሪ፦
ባለፈው እሑድ በወረዳችን በተጠራው የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ አንድ ኃላፊ ተነሥተው ከበዓሉ በፊት «ባለቤት የሌላቸው ውሾች በሙሉ ይወገዳሉ» ሲሉ ቤቱ አጨበጨበ። በምን ይወገዳሉ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ሁላችንም እናውቀዋለንና። ሌሊት በመርዝ የተለወሰ ሥጋ ይጣላል፤ ጠዋት ልጆቻችን ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ አረፋ የደፈቀ ውሻ በየቦዩ ዳር ሲንፈራገጥ ያያሉ፤ ረፋዱ ላይ ሬሳው ተጭኖ ይሄዳል፤ በዓመቱ ያንኑ ስብሰባና ያንኑ ጭብጨባ እንደግማለን። ቤቱ ያላነሣውን እኔ እዚህ ላንሣው፦ በየዓመቱ የሚገደሉ ከሆነ በየዓመቱ ከየት ይመጣሉ?

የሁለት ልጆች አባት፦
ወንድሜ፣ ጥያቄዎ ያማረ ነው። ነገር ግን ልጄ ባለፈው ክረምት ከታክሲ ወርዳ ወደ ቤት ስትመጣ ባቷን ተነክሳ፣ ክትባት ፍለጋ ከአንዱ ጤና ጣቢያ ወደ ሌላው የተንከራተትኩት እኔ ነኝ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ የሚገምተው የዓለም ጤና ድርጅት፣ በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው አጋጣሚዎች 99 በመቶው ከውሻ እንደሆነ ይናገራል። ባለቤት የሌለው ውሻ ማንም የማያስከትበው፣ ነክሶ ሲሄድም ማንም የማይጠየቅበት ውሻ ነው። ይወገድ መባሉ ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ?

የቢሾፍቱው ሐኪም፦
እግዚአብሔር ልጅዎን ስላተረፈልዎ ይመስገን። ይሁን እንጂ የጠቀሱት ድርጅት 99 በመቶ ብሎ አላቆመም፤ በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት እንደሚበጠስ፣ በጅምላ መግደል ግን በሽታውን እንደማይቆጣጠረው በዚያው አፉ ይናገራል። መርዝ የተከተበውን ካልተከተበው አይለይም። የአንድ ሰፈር የውሻ ብዛት በአብዛኛው የሚወሰነው በሚገኘው ምግብና መጠለያ ነው፤ ግማሾቹ ሲሞቱ አጥንቱና ገንዳው ለቀሩት ይተርፋል፣ ቀድሞ በረሃብ ይሞቱ የነበሩ ቡችሎች ያድጋሉ፣ ከጎረቤት ሰፈርም ጤንነታቸው የማይታወቅ ይገባሉ። አንዲት ሴት ውሻ ሁለት ወር ያህል አርግዛ በዓመት እስከ ሁለት ጊዜ ልትወልድ ስለምትችል፣ የጎደለው እስኪሞላ ረጅም ጊዜ አይወስድም። ሥጋው የሚለወስበት መርዝ፣ ስትሪክኒን፣ ደግሞ በውሻው ላይ አያበቃም፤ ከሬሳው የቀመሰ ጥንብ አንሣ ይሞታል፣ ሥጋውን ያገኘች የጎረቤት ድመትም እንዲሁ። እንስሳው የሚሞተው ራሱን ሳይስት፣ ጡንቻው ተገትሮ መተንፈስ ሲያቅተው መሆኑን ያጨበጨበው ሰው ሁሉ ቢያውቀው መልካም ነው።

የሁለት ልጆች አባት፦
ዶክተር፣ የሚከተበው የሚያዝ ውሻ ነው። ባለቤት የሌለውን ማን ይዞ ያቀርብልዎታል? በወረቀት ላይ 70 በመቶ መጻፍ ቀላል ነው።

የቀበና ነዋሪ፦
«ባለቤት የሌለው» የምትለዋን ደጋግመው ስላነሧት እኔም አልለቃትም። በድልድያችን አጠገብ ከሚገኘው ሱቅ ፊት ለፊት በየጊዜው የፓስታ ካርቶን ተጥሎ ይታያል፤ ውስጡ ዐይናቸው ገና ያልተገለጠ ቡችሎች አሉ። መንገደኛው ጎንበስ ይልና አንዱን አንሥቶ ሆዱን ይገለብጣል፤ ወንድ ከሆነ ጃኬቱ ውስጥ ይከተዋል፣ ሴት ከሆነች መልሶ ያስቀምጣታል። ሲመሽ በካርቶኑ ውስጥ የሚቀሩት ሴቶች ብቻ ናቸው፤ ከእነርሱ መካከል የተረፈችው በዓመቷ ሥጋ ቤቱ ጓሮ ትወልዳለች። ካርቶኑ ከሰማይ አልወረደም፤ በሩ ቆርቆሮ ሆኖ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ ከተለጠፈበት ግቢ የወጣ ነው። በዚህ ላይ ከመልሶ ማልማቱና ከኮሪደር ልማቱ በኋላ ወደ ኮንዶሚኒየም የገቡ ጎረቤቶቻችን ዕቃቸውን ጭነው ሲሄዱ ውሾቻቸውን የት እንዳደረጓቸው እስኪ ይጠይቋቸው። ቤቱ ፈርሶ ውሻው ፍርስራሹን ሲጠብቅ ያየነው እኮ በዐይናችን ነው። ባለቤትማ ነበራቸው።

ባለ ኮንዶሚኒየሟ፦
ወደ ኮንዶሚኒየም የገባነውን ሁሉ በአንድ ከረጢት መክተትዎ ደግ አይደለም። አራተኛ ፎቅ ላይ የግቢ ውሻ ማኖር የማይቻል መሆኑን ያውቃሉ፤ የሚረከበን መጠለያ ስንፈልግ ያገኘነው መልስ «ሞልቷል» የሚል ነበር። ደግሞስ ስለ ውሻ ብቻ ስትነጋገሩ ድመቷን ለምን ረሳችኋት? በእኛ ብሎክ ለአይጥ ተብላ የመጣች አንዲት ድመት ዛሬ ደረጃው ሥር ዘር ማንዘሯ ሞልቷል። የብሎካችን ኮሚቴ የወሰደው እርምጃ ፍርፋሪ የሚሰጠውን ሰው መቅጣት ነው።

የቢሾፍቱው ሐኪም፦
እህቴ፣ ድመት ከውሻ ትብሳለች፤ ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ዕድሜዋ ለማርገዝ ትደርሳለች፣ ግልገሎቿን እያጠባችም ደግማ ልታረግዝ ትችላለች። ፍርፋሪ መከልከል ድመቶቹን ወደ ጎረቤት ብሎክ ከማዛወር ያለፈ ፋይዳ የለውም። ይልቁንም በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት የምትመገብ ድመት በወጥመድ ሳጥን ለመያዝ ትቀላለች። በማደንዘዣ ተኝታ የእንቁላል ከረጢቷ ይወጣል፣ ትከተባለች፣ የመከነች መሆኗ ከሩቅ እንዲታወቅ የአንድ ጆሮዋ ጫፍ ይቆረጣል፣ ቁስሏ ሲጠግግም ወደነበረችበት ትመለሳለች። በውሻም ላይ የሚሠራው በመሠረቱ ይኸው ነው። ቡታን እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምራ ከ150,000 በላይ ውሾችን በዚህ መንገድ አምክናና ከትባ በ2023 ሥራውን ማጠናቀቋን አስታውቃለች።

የሁለት ልጆች አባት፦
ቡታን ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን እንኳ የማይሞላ አገር ናት፤ አዲስ አበባን ከእርሷ ጋር ማወዳደር ራስን ማታለል ነው። ትልቅ ከተማ ከፈለጉ ዴልሂን ይዩ። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. የዴልሂ ውሾች በሙሉ ከጎዳና ተነሥተው መጠለያ እንዲገቡ አዘዘ። ማምከኑ ለዓመታት ሲሠራበት በቆየ አገር ዳኞቹ እዚህ ውሳኔ ላይ የደረሱት ስለጠገቡ ነው?

የቀበና ነዋሪ፦
ወሬውን እስከ ጫፉ ቢነግሩን ምን ነበረበት? በዚያው ወር፣ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ ፍርድ ቤቱ ትእዛዙን አሻሽሎ የመከኑትና የተከተቡት ወደ ሰፈራቸው እንዲመለሱ አዝዟል፤ እንዳይመለሱ ያለው በእብድ ውሻ በሽታ የተያዙትን፣ የተጠረጠሩትንና ጠበኛ የሆኑትን ነው።

የሁለት ልጆች አባት፦
እርስዎስ እስከ ጫፉ መቼ ነገሩን? በኅዳር ደግሞ ከትምህርት ቤት፣ ከሆስፒታልና ከአውቶቡስ ጣቢያ ግቢ የሚነሡት ወደዚያው እንዳይመለሱ አዝዟል። ልጄ የተነከሰችው ከትምህርት ቤት በር ላይ ነው።

የቀበና ነዋሪ፦
ከላይ «ከታክሲ ወርዳ» ብለው ነበር።

የሁለት ልጆች አባት፦
ታክሲው የሚያወርደው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ነው! የልጄን ቁስል እንደ ሐሰተኛ ምስክር ቃል መመርመር ነውር ነው።

የእድር ጸሐፊው፦
እባካችሁ ወደ ጉዳዩ እንመለስ። እኔ ያሰብኩት፣ እድራችን አባወራውንና እማወራውን በስም ስለሚያውቅ፣ በየግቢው ያለውን ውሻና ድመት ይመዝግብ፤ በዓመት አንድ ቀን የክትባት ቀን ይደረግ፤ በቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ተማሪዎቹን ከመምህራኖቻቸው ጋር እንዲልክልን በደብዳቤ ይጠየቅ፤ ሴቶቹም ከግቢ ውሾች ተጀምሮ በተራ ይምከኑ። ሥጋ ቤቶቹ ደግሞ አጥንቱን ከድነው ያስቀምጡ። በፋሲካ ሰሞን ከየሥጋ ቤቱ ጀርባ የሚጣለውን አጥንት ያየ ሰው ውሾቹ ለምን እንደሚሰበሰቡ ሌላ ምስክር አያስፈልገውም።

ባለ ኮንዶሚኒየሟ፦
ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ የብሎክ ኮሚቴዎችንም ጨምሩበት።

የሁለት ልጆች አባት፦
እድር የተቋቋመው ሰው ለመቅበርና ሐዘንተኛ ለማጽናናት ነው። የወር መዋጮዬ ለውሻ ማህፀን ቀዶ ሕክምና እንዲውል አልፈርምም። የማደንዘዣው፣ የክሩ፣ የሐኪሙ አበል ከየት ይመጣል?

የቢሾፍቱው ሐኪም፦
ወጪው ቀላል ነው አልልም፤ ሴቷን ማምከን ወንዱን ከማኮላሸት ይልቅ ጊዜም መድኃኒትም ይፈልጋል። ነገር ግን የመርዙ ዘመቻም በነጻ አይደረግም፤ የተነከሰ ሰው ሕክምናም ወጪ አለው። ከበግ አንጎል የሚሠራውን የቀድሞውን ክትባት በየቀኑ ለሁለት ሳምንት ያህል እምብርታቸው ዙሪያ የተወጉ ታላላቆቻችን ዛሬም በሕይወት ስላሉ ይንገሯችሁ። ደግሞም ጉዳዩ የከተማ ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ከውሾች የተዛመተው ይኸው በሽታ በዌብ ሸለቆ የነበረውን ቀይ ቀበሮ አብዛኛውን ጨርሶታል። የአዋቂዎቹ ቁጥር በመላ አገሪቱ 500 የማይሞላ እንስሳ ነው እኮ። እዚያ የተያዘው መፍትሔ የእረኞቹን ውሾች መከተብ ነው፤ እረኛ ያለ ውሻ አያድርምና።

የእድር ጸሐፊው፦
እንግዲያው ምዝገባውን በፈቃደኞች እንጀምረው። የቀበናው ወንድማችን ሁለት ውሾች እንዳሏቸው አውቃለሁ፤ የልጆቹ አባትም አንድ አላቸው። ሦስቱን ልጻፍ?

የቀበና ነዋሪ፦
የእኔን ይጻፉ። ሁለቱም ተከትበዋል፣ ሴቷም መክናለች።

የሁለት ልጆች አባት፦
የእኔ አይጻፍ። ዛሬ የተመዘገበ ነገ ግብር ይጣልበታል፤ ውሻዬ ደግሞ የግቢ ጠባቂ እንጂ የጎዳና ውሻ አይደለም።

የቀበና ነዋሪ፦
ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ በሩ ተከፍቶለት እስከ ንጋት ሥጋ ቤቱ ደጃፍ የሚያድረው ቡናማው ውሻ የማን ነው ታዲያ? የወረዳው መርዝ ሲጣል አንገቱ ላይ ስምዎ አይጻፍበትም።

የሁለት ልጆች አባት፦
ሌሊት የሚለቀቀው ለመፀዳዳት ነው፤ ይህም ከተነሣንበት ጉዳይ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።