ቆጵሮስ ገጠር ውስጥ አሳማ ለማትነካ እናት ምን ይበላል?

የፍራንክፈርቱ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጥቅምት ላይ እማዬን ይዤ ለአምስት ቀን ቆጵሮስ ልሄድ ነው፣ ማረፊያችን ላርናካ ነው። እሷ ባህር ምን ያደርግልኛል የድሮ ቤተክርስቲያን አሳየኝ ብላለች፣ እኔ ደግሞ የቱሪስት ሬስቶራንት ስለሰለቸኝ መንደር ወጥተን መብላት ነው የምፈልገው። ችግሩ ያየሁት ቪዲዮ ሁሉ አሳማ በአሳማ ነው፣ እማዬ አሳማ የገባበትን ድስት እንኳን አትጠጋም፣ ረቡዕና አርብም ትጾማለች። ሜዜ የሚሉትስ እንዴት ነው የሚታዘዘው?

ሊማሶል ነበርኩ፦ አራት አመት ሰርቼበታለሁ ስማኝ። ሜዜ አንድ ምግብ አይደለም፣ ሃያም ከዚያም በላይ ትንንሽ ሳህን ተራ በተራ ይመጣል፣ ብዙ ቤት ከሁለት ሰው በታች አይሰጡም። ሌላ ምንም አትዘዙ፣ መጀመሪያ በሚመጣው ዳቦና ወይራም እንዳትጠግቡ ዋናው ስጋ መጨረሻ ላይ ነው። ሼፍታልያ፣ ሉካኒኮ፣ ሉንዛ፣ አፌልያ ካሉህ አሳማ አለበት። ኩፔፕያ የሚሉት የወይን ቅጠል ጥቅልል የዋህ ይመስላል ግን ውስጡ ብዙ ጊዜ የተፈጨ አሳማ ነው እኔን ሸውዶኛል። ገና ሳትቀመጡ "ኦሂ ሂሪኖ" በል፣ አሳማ አይሁን ማለት ነው። ለእማዬ ክሌፍቲኮ እዘዝላት፣ የበግ ስጋ ነው፣ በታሸገ የሸክላ ምድጃ ውስጥ ለሰዓታት ስለሚቆይ ከአጥንቱ በራሱ ይለቃል። ለጾሙ አትጨነቅ እነሱም ኦርቶዶክስ ናቸው፣ "ኒስቲሲሞ" (የጾም ምግብ ማለት ነው) ካልክ ይገባቸዋል፣ ሉቪ የሚባል ከቅጠል ጋር የተቀቀለ ባቄላ መሳይ ነገር በወይራ ዘይትና በሎሚ ያመጣሉ። ኦክቶፐስም ጾም ነው ብለው ሊያቀርቡላት ይችላሉ 😂 ለነሱ ነው!

የጎንደሯ፦ ላርናካ ካረፋችሁማ መጀመሪያ ቅዱስ አልዓዛር ሂዱ፣ ጌታ ካስነሳው በኋላ እዛ ጳጳስ ሆኖ ኖሯል ነው የሚሉት፣ 1972 ላይ ከመሠዊያው ስር አጽም የያዘ የድንጋይ ሣጥን ተገኝቷል። ታች ወርዳችሁ መቃብሩን ታያላችሁ፣ እናቴ እዛ ተንበርክካ አልነሳም ብላ ነበር። ሌላ ቀን መኪና ተከራዩና (በግራ ነው የሚነዳው፣ ፍራንክፈርቱ ተጠንቀቅ) ትሮዶስ ተራራ ውጡ፣ በዩኔስኮ የተመዘገቡ አስር ባለስዕል ቤተክርስቲያኖች አሉ። እኔ አሲኑን አስበልጣለሁ፣ ከውጭ ጎተራ ነው የሚመስለው፣ በረዶ እንዲንሸራተት ጣሪያው ሹል ነው፣ ውስጡ ግን ከ1105 አካባቢ ጀምሮ የተሳለ ግድግዳ፣ ከንጉሥ ላሊበላ በፊት ማለት ነው! ምሳ እዛው ተራራው ላይ ካኮፔትርያ የሚባል መንደር ብሉ፣ የድሮው ሰፈር የጭቃ ጡብ ቤትና የእንጨት ሰገነት ነው፣ ከስሩ ወንዝ አለ። ሦስት አራት መንደር በአንድ ቀን የሚሉትን አትስሙ፣ ሜዜው ብቻውን ከሰዓቱን ይበላዋል።

ቤቲ፦ ከላርናካ ወደ ሊማሶል በሚወስደው መንገድ ላይ ሂሮኪቲያን እዩ፣ ከ8000 አመት በላይ የቆየ መንደር ነው። አጠገቡ መልሰው የሰሩት ክብ ቤት ቁርጥ ጎጆ ነው። ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ፣ አስተናጋጁ "ሲጋ ሲጋ" ይላችኋል፣ በግሪክ ቀስ በቀስ ማለት ነው። አክስቴ በአርብ ቀን "ሥጋ አልበላም አልኩት እኮ!" ብላ ልትነሳ ስትል በስንት ልመና ነው ያስቀመጥናት።

የፍራንክፈርቱ፦ 😂😂 አስቀድሜ እነግራታለሁ። አርብን ለአልዓዛር አድርጌዋለሁ፣ ትሮዶስ ቅዳሜ። ቤቲ፣ አክስትሽ በመጨረሻ ምን በላች?

ቤቲ፦ ሉቪ። ሁለት ሳህን።