ቤተ እስራኤል ከአስዋን ደሴት ነው የመጡት? (ክርክር)

የአባይ ልጅ፦ አንድ ወዳጄ «ቤተ እስራኤሎች የመጡት ከአስዋን ነው። እዚያ ቤተ መቅደስ ነበራቸው፤ ሲፈርስባቸው ወንዙን ተከትለው ጣና ገቡ» አለኝ። ተረት መስሎኝ ሳቅሁበት። በኋላ ሳነብ ቤተ መቅደሱ እውነት ኖሯል! ከአስዋን ፊት ለፊት፣ አባይ መሃል ያለችው ኤለፋንታይን ደሴት ላይ። የጥንት ስሟ ዬብ ነው። አይሁድ ወታደሮች ከነቤተሰባቸው ሰፍረው ለፋርስ ንጉሥ ድንበር ይጠብቁ ነበር። ቤተ መቅደሱ የፈረሰው በ410 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ነው። ሰዎቹስ? እኛ ጋ መጡ ወይስ አልመጡም? ስድብ ክልክል ነው።

ጎንደሬው፦ ምኑ ያከራክራል! ቤተ እስራኤሎች ኦሪት እንጂ ታልሙድ (የኋለኞቹ ራቢዎች የሕግ መጽሐፍ) አያውቁም ነበር። ኋላ የመጣውን የሐኑካን በዓልም አያውቁም። ለፋሲካ በግ ያርዱ ነበር። ይኼ ከሌላው አይሁድ በጣም ቀድመው መለየታቸውን ያሳያል። ዬብም ከኢየሩሳሌም ውጭ መሥዋዕት ይቀርብበት የነበረ ቦታ ነው። መንገዱ ደግሞ አባይ። ሌላ ምን ቀረ?

ብራና ወዳጅ፦ ጎንደሬው፣ ቀስ። ደብዳቤውን አይተኸዋል? በ407 ቅ.ል.ክ. የዬብ አይሁድ አለቃ ይዳንያና ካህናቱ ለይሁዳው ገዥ ለባጎሂ የጻፉት ነው። በአረማይክ፣ በፓፒረስ ላይ። ጀርመኖች በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደሴቷን ሲቆፍሩ አገኙት።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የግብፅ የበላይ ገዥ አርሻማ ወደ ንጉሡ ሄዶ ነበር። ድመት በሌለበት እንደሚባለው፣ የበግ ራስ ያለው አምላክ የክኑም ካህናት ከአካባቢው ሹም ከቪድራንጋ ጋር ተመሳጠሩ። የሹሙ ልጅ ናፋይና ወታደር ይዞ ገባ። የድንጋይ ዓምዶቹን ሰባበሩ። አምስቱን የድንጋይ በሮች አፈረሱ። የዝግባውን ጣሪያ አቃጠሉ። የወርቅና የብር ዕቃውን ዘረፉ። «ከዚያ ቀን ጀምሮ ማቅ ለብሰን እንጾማለን፤ ሚስቶቻችን እንደ መበለት ሆነዋል፤ ዘይት አንቀባም፤ ወይን አንጠጣም» ይላሉ።

አሁን ልብ በል። ይኼ የተጻፈው ቤተ መቅደሱ ከፈረሰ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ወንዙን ተከትለው ሄደው ከሆነ ማን ጻፈው? እዚያው ነበሩ! መልሰው ለመሥራት ፈቃድም አገኙ። የገዥው ምላሽ የእህል ቁርባንና ዕጣን ይላል፤ ስለሚቃጠል መሥዋዕት ዝም። እነሱም በግ፣ በሬና ፍየል አይቀርብበትም ብለው ቃል ገቡ። በ402 አናንያ የሚባል የቤተ መቅደሱ አገልጋይ ለአማቹ ቤት ሲሸጥ፣ ውሉ ላይ አዋሳኝ ተብሎ የተጠቀሰው ያው ቤተ መቅደስ ነው። እንደገና ተሠርቶ ነበር ማለት ነው።

ጎንደሬው፦ እሺ፣ ከ402 በኋላስ? ሰነዱ ብዙም ሳይቆይ ይቋረጣል። መሬት ዋጠቻቸው?

ብራና ወዳጅ፦ ሰነድ ተቋረጠ ማለት ጎንደር ገቡ ማለት ነው?

ጽላት፦ ታቦቱን ለምን ዘለላችሁት? በዬብ አድርጎ ጣና ቂርቆስ ገባ የሚሉ አሉ።

ብራና ወዳጅ፦ የተቃጠለውን ጣሪያና የበር ማጠፊያ ናሱን ሳይቀር የቆጠረ ሰው ታቦት ቢኖረው ይረሳል? ደግሞ ክብረ ነገሥት ታቦቱን በሰሎሞን ዘመን፣ በምኒልክ ነው የሚያመጣው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማመን አይቻልም።

እህተ ኔታንያ፦ እኔ የቤተ እስራኤል ልጅ ነኝ፤ ሁላችሁም ስለ እኛ ስታወሩ ሰማሁ 😄 አንድ ነገር ልጨምር። ዬብ ላይ በገል የተጻፉ አጫጭር መልእክቶችም ተገኝተዋል። አንዱ ሰውዬ ለአንዲት ሴት፦ ነገ አትክልት እልካለሁ፣ በሰንበት ጀልባዋ ጋ ሄደሽ ተቀበዪ፣ እንዳይጠፋ፤ ካልሄድሽ በያሆ (እግዚአብሔርን የሚጠሩበት ስም ነው) ነፍስሽን አጠፋለሁ ይላታል። በሰንበት! ለአትክልት! አያቴ አርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳት የምታጠፋ፣ በሰንበት ውኃ የማትቀዳ ሴት ነበረች። የመዋጮ ዝርዝራቸውም አለ። እያንዳንዱ ሰው 2 ሰቅል ለያሆ ብሎ ይሰጣል፤ መጨረሻ ላይ ሒሳቡ ሲደመር ግን ኤሼምቤቴልና አናትቤቴል የሚባሉ አማልክትም ድርሻ አላቸው። እነዚህን ነው አያቶችሽ የምትሉኝ?

ጎንደሬው፦ እህቴ፣ አትቆጪ። የሰንበቱ ጥብቅነት በኋላ የመጣ ሊሆን ይችላል። አባ ጸብራ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በቤተ እስራኤል ዘንድ ምንኩስናን ካስጀመሩ ወዲህ ብዙ ሥርዓት ተለውጧል።

ብራና ወዳጅ፦ በራስህ ላይ ጎል አገባህ! ሥርዓቱ እዚሁ አገር ውስጥ ከተቀረጸ፣ ዬብ ለምን ያስፈልግሃል? ስቲቨን ካፕላንን የመሰሉ የታሪክ ሰዎችም የሚሉት ይኼንኑ ነው፤ ቤተ እስራኤል እንደ ሕዝብ የተቀረጸው በ14ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን መካከል፣ እዚሁ ነው ይላሉ።

እህተ ኔታንያ፦ ቆይ፣ ያንንም አልተቀበልኩም! እኛ ከዳን ነገድ ነን። ከእስራኤል ዋና ራቢዎች አንዱ የነበሩት ኦቫድያ ዮሴፍም በ1973 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ያንኑ ወስነዋል።

መሪጌታ፦ ልጆቼ፣ እኔ ከቃል በኩል ልግባ። ኦሪት፣ ታቦት፣ ምጽዋት፣ ዓርብ፤ እነዚህ ወደ ግእዝ የገቡት ከአረማይክ ነው። ፖሎትስኪ የተባለው የቋንቋ ሊቅ የአይሁድ አረማይክ መሆኑን አሳይቷል። የዬብ ሰዎች የሚጽፉትም በአረማይክ ነበር።

ጎንደሬው፦ ይኸው!! መሪጌታ፣ እድሜ ይስጥልኝ።

ብራና ወዳጅ፦ መሪጌታ፣ ከአክብሮት ጋር፣ አረማይክ ያኔ ከግብፅ እስከ ፋርስ የሚጻፍበት ቋንቋ ነበር። ቃሉ በቀይ ባሕር ከነጋዴ ጋር፣ ከየመን አይሁድ ጋርም ሊመጣ ይችላል። አክሱም ለየመን ትቀርባለች እንጂ ለአስዋን አትቀርብም።

መሪጌታ፦ እሱስ እውነት ነው። እኔም ቃሉ መጣ አልኩ እንጂ በየት በኩል እንደመጣ አልተናገርኩም።

እህተ ኔታንያ፦ እኔን የነካኝ ግን ሌላ ነው። ቤተ መቅደሱ እንደፈረሰ ለኢየሩሳሌሙ ሊቀ ካህናት ለዮሐናንም ጽፈው ነበር። መልስ አልላከላቸውም። እኛም አይሁድ ናችሁ ተብለን በመመለስ ሕግ (አይሁድ እስራኤል እንዲገቡ በሚፈቅደው ሕግ) ለመግባት እስከ 1975 በፈረንጆች ጠብቀናል። ዘመዶቼ አይደሉም፤ ያ መስመር ላይ ስደርስ ግን ደግሜ አነበብኩት።

የአባይ ልጅ፦ እኔ ያቺ ሴት ጀልባዋ ጋ ሄደች አልሄደች እያልኩ ነው።

እህተ ኔታንያ፦ ሄዳለች እንጂ፣ ዛቻውን አላየህም? አያቴ ብትሆን ግን «አትክልቱ ውኃ ይውሰደው» ብላ ቁጭ ነበር።