ከድሬ አዋሽና ባሌ በ5 ቀን፣ ከልጆችና ከአማቴ ጋር፤ ይቻላል ወይ?

የከዚራ እናት፦
ሰላም የድሬና የሐረር ሰዎች። ጥር ላይ የልጆቹ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ድንኳን ይዘን ልንወጣ አስበናል። 5 ቀን አለን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ 3 ልጆች (11፣ 8 እና 4 ዓመት) እና አማቴ ነን። በመጀመሪያው ቀን አዋሽ ፓርክ እናድርና በማግስቱ በአዳማና በአሰላ አድርገን ባሌ፣ ዲንሾ እንገባለን። እዚያ 2 ሌሊት አድረን እንመለሳለን። ትልቁ ልጄ በትምህርት ቤት ስለ ቀይ ቀበሮ ከተማረ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። መኪናው የወንድሜ ሚኒባስ ነው። ባለቤቴ "ይቻላል" ይላል፣ እኔ ግን ልቤ አልቆረጠም። አማቴ ደም ግፊት አለባቸው፣ ግን መቅረት አይፈልጉም። ድንኳን ውስጥ አድረን አናውቅም። የሄዳችሁበት እውነቱን ንገሩኝ።

የደንገጎ ሹፌር፦
እህቴ፣ እኔ ይህን መንገድ ስመላለስበት ዓመታት ሆነኝ። ከድሬ አዋሽ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው። ከአዋሽ ዲንሾ ደግሞ ወደ 400። ደርሶ መልሱን ስትደምሪው ከ1300 በላይ ይሆናል። በ5 ቀን ውስጥ ልጆቹ የሚያዩት የመኪናውን ወንበር ነው።

የአዋሹም መንገድ ቀላል አይደለም። ደንገጎን ወጥታችሁ ቁልቢ፣ ጨለንቆ፣ ሂርና፣ ጭሮ እስክትደርሱ ድረስ መታጠፊያ ብቻ ነው፤ ልጆች ያስመልሳቸዋልና ጠዋት ከባድ ምግብ አትስጫቸው። ሚኤሶ ስትደርሱ መንገዱ ሜዳ ይሆናል፣ ሙቀቱም ይጀምራል። እዚያ ነው ሰው ፍጥነት የሚጨምረው። አንድ ቀን ማምሻ ላይ ከሚኤሶ አለፍ ብዬ፣ መብራቴ ላይ መጀመሪያ የታየኝ የግመል እግር ብቻ ነበር፣ አራት ረጃጅም እግሮች። ገላው ከመብራቱ በላይ ነው፣ አይታይም። ቆሜ ቀረሁ፣ እጄ መሪው ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስለዚህ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሱ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ፓርኩ በር ላይ ሁኑ። ስኮርታውንና ክሪኩን ከድሬ ሳትወጡ አውርዳችሁ እዩ። ቁልቁለቱን በፍሬን ሳይሆን በማርሽ ውረዱ። በዋዜማው ደግሞ መናኸሪያ ሄዳችሁ ከዚያ አቅጣጫ የመጡ ሹፌሮችን ስለ መንገዱ ሰላም ጠይቁ፤ ከነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

የጀጎል ልጅ፦
ሹፌሩ ያለው ልክ ነው። እኛ ባለፈው ዓመት ከ4 ልጆች ጋር አዋሽ 3 ሌሊት አደርን፣ አልበዛብንም።

አቦ፣ ጠዋቱን እንዳታሳልፉት! 12 ሰዓት ላይ ፓርኩ ውስጥ ኢላላ ሳላ የሚባለው ሜዳ ላይ ቆመን ሳላዎቹን፣ ኦሪክስ የሚሏቸውን የዱር እንስሳት አየን። ቀንዳቸው ቀጥ ያለ፣ እንደ ጦር። አንዱ ዞር ሲል ሁለቱ ቀንዶች አንድ መሰሉ፣ ትንሿ ልጄ "ቀንዱ ጠፋ" ብላ ጮኸች። 4 ሰዓት ካለፈ ግን ሁሉም ጥላ ስር ይገባል፣ የሚታይ ነገር ይቀንሳል። ያኔ ፏፏቴው ጋ ሂዱ።

የተኛነው ወንዙ ዳር፣ ዛፍ ስር ነው። በሩ ላይ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ይመደብላችኋል፣ ምግብም ለእሱ አስቡ። ወንዙ አዞ አለበት፤ ልጅ ብቻውን ውሃ ዳር አይሂድ፣ ሲመሽ ደግሞ ማንም አይውረድ። የሚጠጣ ውሃ በጀሪካን ከቤት ያዙ፣ እኛ በቀን ለአንድ ሰው 5 ሊትር አስበን በቃን። ምግብ ድንኳን ውስጥ አታስቀምጡ። ባለቤቴ የድንኳኑን ዚፕ ግማሽ ትታ ቡና ልታፈላ ወጣ ስትል ዝንጀሮ እጁን ሰዶ ሙሉ ድፎውን ይዞ ሄደ። ሌሊት ጅብ ይጮሃል። የሐረር ልጅ ጅብ ለምዷል፣ ግን ያ ሰው የሚያጎርሰው ጅብ ነው፤ ይሄ የዱር ነው። ፍርፋሪውን ሁሉ መኪና ውስጥ ቆልፉ። አጎበር እንዳትረሱ፣ ወባ አለ።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2017 ዓ.ም. ፓርኩ አጠገብ ባለው የፈንታሌ ተራራ አካባቢ ለወራት መሬት ሲንቀጠቀጥ ሰው ቀዬውን ለቆ ነበር። ከመነሳታችሁ በፊት ለፓርኩ ደውላችሁ ሁኔታውን ጠይቁ።

ነርስ ከሮቤ፦
የተወለድኩት ባሌ ነው፣ አሁን ድሬ ነው የምሠራው። እህቴ፣ ባሌን ከአዋሽ ጋር አትቀላቅይው። ዲንሾ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በላይ ነው። ቀይ ቀበሮውን በደንብ የምታዩበት የሳኔቲ አምባ ደግሞ 4000 ያልፋል። ጥር ላይ ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ጠዋት ድንኳኑ ላይ በረዶ ጋግሮ ታገኚዋለሽ። የድሬ ልጅ በቀጭን ብርድ ልብስ አይችለውም። ለአማትሽ ደግሞ በአንድ ቀን ከአዋሽ ቆላ እዚያ ከፍታ ላይ መውጣት ከባድ ነው፤ መጀመሪያ ሐኪማቸውን ያማክሩ፣ መድኃኒታቸውም በእጅ ቦርሳቸው ይሁን እንጂ ከሻንጣ ጋር አይታሰር።

ልጅሽን ግን እንዳታስከፊው። የባሌ ተራሮች ፓርክ በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፣ ለብቻው አንድ ሳምንት ይገባዋል። ቀኑን ቁረጡና ንገሩት፣ ልጅ ቀን ካወቀ ይጠብቃል።

የከዚራ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ለባለቤቴ አነበብኩለት፣ የግመሉ ጋ ሲደርስ ዝም አለ። አዋሽ 3 ሌሊት እናድራለን፣ የቀረውን አንድ ቀን ከድሬ ወደ ባቢሌ ወጥተን በዳካታ ሸለቆ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው የቆሙትን ድንጋዮች እናሳያቸዋለን። ልጄ አለቀሰ፣ በኋላ ግን "ሳላ ቀንዱ ስንት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ።

የቀረኝ ድንኳኑ ነው። አማቴ ጎንበስ ብለው መግባት ስለማይችሉ ቁመቱ ከፍ ያለ ይሁን። ድሬ ውስጥ የሚያከራይ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ።