ሪፋምፒሲን ጀምሬ ሽንቴ ቀላ፤ ላቁመው?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሳንባ ቲቢ ተገኝቶብኝ መድኃኒት ከጀመርኩ ገና ሳምንት አልሞላኝም። አራቱን የቲቢ መድኃኒት (ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድ፣ ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል) አንድ ላይ የያዘው ክኒን ነው። ሽንቴ ብርቱካናማ ሆነ፤ እንባዬም ቀለም አለው። ደም መስሎኝ ክው አልኩ። ጉበቴን እየጎዳው ይሆን? የእርግዝና መከላከያ ክኒንም እወስዳለሁ።

ፋርማሲስቱ፦
እህቴ፣ በዚህ ምክንያት እንዳታቆሚ! ቀለሙ የራሱ የሪፋምፒሲን ነው። በሽንት፣ በላብና በእንባ ይወጣል፤ አይጎዳም። ለስላሳ የዓይን ሌንስ ካደረግሽ ግን አውልቂው፤ አንዴ ከነካው አይለቅም።

ጉበት ሌላ ጉዳይ ነው። ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድና ፒራዚናማይድ ሦስቱም ሊጎዱት ይችላሉ። የዓይንሽ ነጩ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትሽ እንደ ጥቁር ሻይ ከጠቆረ፣ ማስመለሱ አልቆም ካለ፣ ሳትውይ ሳታድሪ ሐኪም ይይሽ። ቀጣዩን ክኒን ከመዋጥሽ በፊት ማለቴ ነው። አልኮልም ይቅር።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ መከላከያሽ ነው። ብዙ ሴቶች ይህን ሳይነገራቸው ይሄዳሉ፤ በጣም ያናድደኛል። ሪፋምፒሲን ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ስለዚህ ክኒኑም፣ ክንድ ውስጥ የሚቀበረውም አቅም ያጣሉ። ሕክምናው ካለቀም በኋላ ቢያንስ 4 ሳምንት እንዲሁ ነው። ሉፕና በየ3 ወሩ የሚወጋው መርፌ ግን ይሠራሉ። እስኪቀየርልሽ ኮንዶም ተጠቀሙ። ደም ማቅጠኛው ዋርፋሪንም ይዳከማል። የኤችአይቪ መድኃኒቱ ዶሉቴግራቪር ደግሞ ከሪፋምፒሲን ጋር በቀን ሁለት ጊዜ ነው የሚወሰደው። ሌላ የምትወስጂው ካለ አንድም ሳትደብቂ ለሐኪምሽ ንገሪ።

ሕክምናውን የጨረሰው፦
አይዞሽ፣ እኔም በዚህ አልፌያለሁ። ጠዋት በባዶ ሆድ ሲያቅለሸልሸኝ ነርሷ ወደ መኝታ ሰዓት አዞረችልኝ፤ ተሻለኝ። እግሬን ሲደነዝዘኝም ቫይታሚን ቢ6 ታዘዘልኝ። መደንዘዙ ከአይሶናያዚድ ነው የሚመጣው። እይታሽ ከደበዘዘ ወይም ቀይና አረንጓዴ መለየት ካቃተሽ ግን ቶሎ ተናገሪ፤ ኢታምቡቶል ዓይን ይነካል።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሳሉ ቀድሞ ቢጠፋ እንኳ ግድ 6 ወር ነው?

ፋርማሲስቱ፦
አዎ። 2 ወር አራቱ፣ ከዚያ 4 ወር ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ። ሳል ሲጠፋ ባክቴሪያው አልቋል ማለት አይደለም። ያደፈጠውን ለመግደል ዋናው ሪፋምፒሲን ነው፤ ጊዜ ይፈልጋል። መሃል ላይ ከተቋረጠ የተረፈው መድኃኒቱን ይላመዳል፤ ያኔ ሕክምናው ይከብዳል። አቋርጦ በራስ መጀመርም አደገኛ ነው፤ ኩላሊትን ሊጎዳና ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን ፕሌትሌት ሊያወርድ ይችላል። አንድ ቀን ከረሳሽ በማግስቱ ደርበሽ አትዋጪ፤ ለጤና ባለሙያሽ ደውለሽ ጠይቂ።