የእጅ ሙያ ንቀት ከጎንደር ጠፍቷል?

የዛሬው ጥያቄ፦ ዲግሪ ይዞ ብየዳ ቤት የገባን ልጅ ዘመዶቹ «ለዚህ ነው የተማርከው?» ይሉታል። ይህ የድሮው ንቀት ነው ወይስ ሌላ? (መላሾቹ የተጠሩት በጎንደር ሰፈራቸው ነው።)

ከማራኪ፦ ንቀቱማ ቀርቷል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን የሚሰድብ እንዲቀጣ አውጀዋል። ዛሬ ጎበዝ አናጢ በወረፋ ነው የሚገኘው። ልጆቹን የሚያሸሻቸው ገቢው አለመጨበጡ ነው። ቋሚ ደሞዝ የለው፣ ጡረታ የለው።

ከአዘዞ፦ ወንድሜ፣ ከአዋጁ በኋላም ቀጥቃጩን ቡዳ ማለት አልቀረም እኮ። አያቴ ጀበና የምትገዛው የቤተ እስራኤሎች መንደር ወለቃ ሄዳ ነበር። ከሠሪዋ ቤት ግን ውኃ አትቀምስም። ገበሬውም በሠሩለት ማረሻ እያረሰ ሠሪዎቹን ይሸሽ ነበር።

ከአዲስ ዓለም፦ ሥሩ መሬት ነው። ቤተ እስራኤሎች ርስት ሲነፈጉ ኑሯቸውን በብረት፣ በሸክላና በግንበኝነት ገፉ። የእኛ የሙስሊሞቹ አያቶችም ርስት ስላልነበራቸው ንግድና ሽመና ያዙ። ክብር የሚለካው በርስት ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ያ መለኪያ ፈረሰ። ቦታውን የያዘው የቢሮ ወንበር ነው። የዛሬ ዘመዶች ለልጁ የሚመኙለት እሱን ነው።

ከፒያሳ፦ አፄ ቴዎድሮስን አትርሱ እንጂ! ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ለመንገዱ በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሱ ነበር። ንጉሥ እንዲህ ከሠራ ሥራን የናቀው አገሩ ሁሉ አይደለም።

ከአዘዞ፦ ጥሩ አነሳህ። ያን መድፍ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያቀለጡት አውሮፓውያን ናቸው። ቤተ መንግሥቱ አክብሮ ያዛቸው፣ ሸለማቸው። በዚያው ዘመን የአገሬው ብረት ሠሪ ቡዳ ይባል ነበር። ሙያው ያው ሙያ፣ እሳቱም ያው እሳት ነው። የተናቀው ሰውየው ነበር ማለት ነው። ዛሬም ከውጭ የመጣ ቴክኒሻን «ኢንጂነር» ይባላል፤ የሰፈራችን ልጅ ግን «በያጁ» ነው። ይሄ በገቢ ብቻ አይገለጽም። እስቲ ወንድሜ ከማራኪ፣ በያጅ ሽማግሌ ቢልክ ልጅህን ትሰጣለህ?

ከማራኪ፦ እሰጣለሁ እንጂ። እናቷ ግን መጀመሪያ «ነገ ቢታመም በምን ይኖራሉ?» ትላለች። አልተሳሳተችም። በግሉ የሚሠራው ሰው እንደ መንግሥት ሠራተኛው ጡረታና ሕክምና ይኑረው። ከዚያ በኋላም የሚሸሹት ከሆነ ያኔ ንቀት ነው በይኝ፣ እቀበልሻለሁ።